ቀይ ሁሉ አንድ አይደለም፦ የካምቢዮ ዘይት ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው ስለ ሞተር ዘይት ስጽፍ መጨረሻ ላይ በአንዲት መስመር «ካምቢዮውም እኮ ዘይት አለው» ብዬ አልፌ ነበር፣ ያቺ መስመር ናት ጉድ የሰራችኝ። ከዛ ወዲህ ሚመጣው መልእክት ሁሉ ስለ ኦቶማቲክ ካምቢዮ ሆነ። ገሚሱ «ይነካል አይነካም» ነው፣ ገሚሱ «የቱን ልግዛ» ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ገዝቶ፣ ጨምሮ፣ አበላሽቶ ነው ሚጠይቀው። እስቲ ዛሬ በሱ ብቻ እንዋል።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። 2003 ሞዴል ቪትዝ አለችኝ፣ 1000 ሲሲ፣ ኦቶማቲክ። ከገዛኋት 5 ዓመቷ ነው። የሞተር ዘይቷን ጊዜው አልፎ አያውቅም፣ ካምቢዮውን ግን አንድም ቀን አስነክቼው አላውቅም ምክንያቱም መካኒኬ «የኦቶማቲክ ዘይት ከተነካ ካምቢዮው ይሞታል፣ ዝም በይው» ይለኛል። አሁን ጠዋት ጠዋት ሪቨርስ ሳስገባ ቆየት ብላ ነው ምትይዘው፣ ስትይዝ ደግሞ ደንገጥ ታደርገኛለች። ኪሎሜትሩ 190 ሺህ ይላል፣ ተመልሶ ይሁን አይሁን እግዜር ይወቀው። ልቀይር ወይስ ልተው? ከቀየርኩስ ምን ዓይነት ነው ምገዛው? — የቪትዝ እናት፣ ከሰሚት

መልስ፦ እህቴ፣ ይሄን «ከተነካ ይሞታል» ሚባል ነገር የትኛውም ጋራዥ ብትሄጂ ትሰሚዋለሽ። ውሸት ነው ብዬ አላልፈውም ምክንያቱም መካኒክሽ በዓይኑ አይቷል። ያየው ምን መሰለሽ፣ እኛ አገር ሰው ካምቢዮ እንዳለው ትዝ ሚለው መንሸራተት ሲጀምር ነው። ሃያ ዓመት ያልተቀየረ ዘይት፣ ፍሪሲዮኑ ተበልቶ ያለቀ ካምቢዮ ይዞ ይመጣና «በል ዘይት ቀይርልኝ» ይላል፣ ይቀየርለታል፣ በሳምንቱ ካምቢዮው ይሞታል፣ በቃ ዘይቱ ገደለው ተባለ። በሽተኛውን ሊሞት ሲል ጠበል ወስደው በማግስቱ ሲያርፍ ጠበሉ ነው የገደለው እንደማለት ነው።

ዘይቱ ምን እንደሚሰራ ካወቅሽ ለምን መቀየር እንዳለበት ማንም ሊነግርሽ አያስፈልግም። ማንዋል መኪና ላይ ፍሪሲዮኑን ምትረግጪው አንቺ ነሽ አይደል፣ ኦቶማቲክ ውስጥ ደግሞ እንደ እንጀራ የተደራረቡ ቀጫጭን ፍሪሲዮኖች አሉ፣ እነሱን ሚረግጣቸው እግር ዘይቱ ነው። ፓምፑ በግፊት ይልከዋል፣ ግፊቱ አንዱን ይይዛል ሌላውን ይለቃል፣ ማርሽ ተቀየረ ምንለው እሱን ነው። ስለዚህ ይሄ ዘይት አንድም በቶርክ ኮንቨርተር (ሞተሩንና ካምቢዮውን በዘይት ሚያገናኘው ክፍል) በኩል የሞተሩን ጉልበት ያስተላልፋል፣ አንድም ፍሪሲዮኖቹን ይረግጣል፣ አንድም ጥርሶቹን ያለሰልሳል፣ አንድም ሙቀቱን ተሸክሞ ወደ ራዲያተር ወስዶ ያቀዘቅዛል (እንደ ትርጓሜ መምህር አንድም አንድም አልኩብሽ)። ይሄን ሁሉ እየሰራ በሙቀት ይደክማል፣ ከፍሪሲዮኑ ሚፋቀው ዱቄት ውስጡ ይገባል። ዘላለማዊ ሚሆንበት ምክንያት የለም።

ከመቀየርሽ በፊት ግን እዪው። ቪትዟ የካምቢዮ ዘይት መለኪያ ዘንግ ካላት አውጪና ነጭ ሶፍት ላይ ጠብ አድርጊው። ቀይ ወይም ወደ ቡኒ የሄደ ቀይ ከሆነ ጤና ነው። ጠቆር ያለ ቡኒ ሆኖ የመቃጠል ሽታ ከሌለው ጊዜው አልፏል ማለት ነው፣ ቀይሪው፣ አትፍሪ። ጥቁር ሆኖ ሽታው ዳገት ላይ እንደተቃጠለ ፍሪሲዮን አፍንጫ ሚይዝ ከሆነ ያኔ ነው የመካኒክሽ ፍርሃት ቦታው፣ ዘይት ብትቀይሪም ያለቀው ፍሪሲዮን ተመልሶ አይበቅልም። እንደ እንጆሪ እርጎ ነጣ ያለ ሮዝ ከሆነ ደግሞ የራዲያተር ውሃ ገብቶበታል፣ መኪናዋን አታንቀሳቅሻት።

ዓይነቱን በተመለከተ እኔንም መካኒኩንም ሻጩንም አትስሚ፣ ዘንጉን አንብቢው። የቶዮታ ዘንግ ላይ ራሱ ተጽፏል፣ በዛ ዘመን ባለ 4 ማርሽ ቶዮታዎች ላይ ብዙ ጊዜ ምታገኚው «ታይፕ ቲ-ፎር» ሚለውን ነው፣ አራቱ በሮማውያን ቁጥር ነው የተጻፈው። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የመጡት ላይ ደግሞ «ደብሊው ኤስ» ሚባለው ቀጠን ያለ ዘይት ገባ። ሁለቱም ቀይ ናቸው፣ ሁለቱም የቶዮታ ናቸው፣ ግን ቶዮታ ራሱ አንዱን ባንዱ ቦታ አትጠቀሙ ይላል። ዘንጉ ላይ ሲቪቲ ሚል ካየሽ እዚህ ጋ አቁሚና ዝቅ ብለሽ ሶስተኛውን ጥያቄ አንብቢ።

አቀያየሩ ላይ፣ በማሽን ግፊት እጠብልሻለሁ ሚልሽን እሺ አትበዪ፣ ለዚች መኪና እንደዛ አልመክርም። ከሥር የማፍሰሻ ብሎኑ ይፈታል፣ ሚወርደው ይወርዳል። ሁሉም አይወርድም፣ ብዙው ቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ይቀራል። ለምሳሌ ጠቅላላው 7 ሊትር ተኩል ቢሆንና 3ቱ ቢወርድ 40 በመቶውን ነው የቀየርሽው፣ አሮጌው 60 በመቶ ቀረ። ከ1000 ኪሎሜትር በኋላ ስትደግሚው አሮጌው 36 በመቶ ይሆናል፣ ስትሰልሺው 22 ገደማ። ሶስት ጊዜ ማለት ብዙ ብር ነው አውቃለሁ፣ ግን በዝግታ ስለሚታደስ ላረጀ ካምቢዮ ከሁሉም ይሻለዋል፣ ቢያንስ ሁለቴ አድርጊው። አንደኛው ላይ ከሥር ያለችው ትሪ መሳይ ክዳን ትፈታና ፊልትሮው ይታይ፣ ትሪዋ ውስጥ ትንንሽ ማግኔቶች አሉ፣ እነሱ ላይ እንደ ኩል የላመ ግራጫ ጭቃ ብታዪ የተለመደ ነው፣ ይጠረግና ይመለሳል። በጣት ሚቆረጠም የብረት ስባሪ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ፣ የወረደውን ዘይት በሊትር ይለኩልሽ፣ የወረደውን ያህል ነው ሚገባው። እኔ በጉብዝናዬ ጊዜ የራሴን ኮሮላ ካምቢዮ ዘይት ራሴ ቀየርኩና የገዛሁት ጀሪካን ባለ 4 ሊትር ስለነበረ አራቱንም ሞጀርኩት፣ የወረደው 3 እንኳን አይሞላም ነበር። ለምን ይተርፋል ብዬ ነዋ! አዳማ ሳልደርስ በመተንፈሻው በኩል አረፋ እየደፋ ከኮፈኑ ሥር ጭስ በጭስ ሆነ፣ የጭስ ማውጫው ላይ እየተንጠባጠበ ነው ለካ፣ መኪናዬ ነደደች ብዬ ከነቤተሰቤ ዘልዬ ወረድኩ። ሲበዛ ሚሽከረከሩት ነገሮች ዘይቱን እንደ እንቁላል ይመቱታል፣ አረፋ ደግሞ ግፊት አይዝም፣ ስለዚህ መብዛቱ ከማነሱ አይሻልም።

የጠዋቱ ድንጋጤ ግን ሙሉ በሙሉ የዘይት ላይሆን ይችላል። መዘግየቱ ዘይት ከማነስ ወይም ውስጥ ያሉ የጎማ ማሸጊያዎች ከመድረቃቸው ሊመጣ ይችላል፣ ድንጋጤው ግን ብዙ ጊዜ ሞተሩ የተቀመጠበት ጎማ ተበጥሶ ነው ምናገኘው፣ ወይ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ዙሩ ከፍ ብሎ እያለ ስለምታስገቢ ነው። የሞተሩን መቀመጫ ጎማ አሳዪ፣ ጠዋት ደግሞ ዙሩ እስኪወርድ ትንሽ ጠብቂያት።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው ወንድም፣ ራይድ ነው ምሰራው፣ ኮሮላ 2005። ባለፈው ካምቢዮ ዘይቱ ጎድሎ ስላየሁት መለዋወጫ ሱቅ ሄጄ «ቀይ ዘይት ስጠኝ» አልኩት፣ ሰጠኝ፣ 1 ሊትር ጨመርኩ። ቤት ስገባ ሳየው ጣሳው ዴክስሮን 3 ይላል፣ ለመሪ ምንጨምረው ነው። አሁን ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ ሞተሩ ይጮሃል መኪናው ግን አይሄድም፣ ሜዳ ላይ ሰላም ነው። ዘይቱ ነው ያበላሸብኝ? — ጉለሌ

መልስ፦ ወንድሜ መጀመሪያ አንተን ልጠይቅህ፣ ዘይቱ ለምን ጎደለ? የሞተር ዘይት ትንሽ ትንሽ ይቃጠላል፣ የካምቢዮ ዘይት ግን ተቃጥሎ አይጎድልም፣ ተዘግቶ ነው ሚዞረው፣ ጎደለ ማለት ወጣ ማለት ነው። ዘይት ከጨመርክ በኋላ ሥሩን አላየኸውም አይደል? የፊት ጎማ አክስሎች ካምቢዮው ውስጥ ሚገቡበት ጋ ያሉትን የጎማ ማሸጊያዎች፣ ወደ ራዲያተር ሚሄዱትን ቱቦዎች፣ የትሪዋን ጋስኬት እይ። ማታ ካርቶን አንጥፍና አሳድራት፣ ጠዋት ቀይ ነጠብጣብ የት እንደወደቀ ካርቶኑ ይነግርሃል።

አሁን ወደ ዴክስሮን። ድሮ ቀይ ዘይት ስትል አንድ ነገር ማለት ይቻል ነበር፣ የድሮ ቶዮታዎች ካምቢዮም መሪም ዴክስሮን ነበር ሚጠቀሙት፣ ያ ልማድ ነው እስከዛሬ ሱቅ ውስጥ ያለው። ቀለሙ ግን ዘይቱ ሲያፈስ ከሞተር ዘይት እንዲለይ የተጨመረ ቀለም እንጂ ሌላ ትርጉም የለውም፣ በርበሬም ሚጥሚጣም ቀይ ነው። ልዩነቱ ያለው ፍሪሲዮኑ ሲይዝ ምን ያህል ይንሸራተት ሚለውን ሚወስነው ቅመም ላይና ቅጥነቱ ላይ ነው። የመኪና ፋብሪካው ካምቢዮውን የሰራው ለአንድ ቅመም ነው፣ ኮምፒውተሩም ግፊቱን ሚያሰላው በዛው ነው።

ደግሞ ዴክስሮን 3 ሚለው ስም ራሱ ባለቤት የለውም አሁን። የስሙ ባለቤት ጄኔራል ሞተርስ ነበር፣ እየፈተነ ፈቃድ ሚሰጠው እሱ ነበር፣ በ2006 እንደ ፈረንጆቹ ፈቃድ መስጠቱን አቆመና ወደ ዴክስሮን 6 ሄደ። ከዛ ወዲህ ጣሳ ላይ ዴክስሮን 3 ሚል ሁሉ አምራቹ በራሱ ቃል የጻፈው ነው። ጥሩ አምራች ጥሩ ዘይት ይሰራል፣ ክፉውም ያንኑ ስም ይጽፋል፣ ፈታኝ የለም።

ያም ሆኖ 7 ሊትር አካባቢ ውስጥ የገባ አንድ ሊትር ብቻውን በጥቂት ቀን ዳገት እንዳይወጣ ያደርገዋል ብዬ አላምንም። እኔ ምጠረጥረው ጎድሎ ሲሰራ በነበረበት ጊዜ ነው የተጎዳው ብዬ ነው፣ ዘይት ሲያንስ ዳገት ላይ ወደኋላ ይሸሽና ፓምፑ አየር ይስባል፣ ግፊት ይወድቃል፣ ፍሪሲዮኑ ሳይጨበጥ ይፈጋል፣ ሞተሩ ይጮሃል መኪናው አይሄድም ያልከው በትክክል እሱ ነው። ምናልባት አሁንም ጎድሎ ሊሆን ይችላል፣ ምክንያቱም ቀዳዳው አልተደፈነም። ስለዚህ እንጦጦን ለጊዜው ተወው፣ መጀመሪያ ማፍሰሱ ይቁም፣ ከዛ ዘንጉ ላይ የተጻፈውን ዘይት ገዝተህ ሁለቴ አፍስሰህ ሙላ። ሁለተኛው ላይ ዳገቱን ከወጣ እድለኛ ነህ። ካልወጣ ካምቢዮው መፈታት አለበት፣ ያኔ ሌላ ዘይት፣ ሌላ ማርኬ፣ ሌላ መድሃኒት እያልክ ብር አትጨርስ። ጣሳ ውስጥ ያለ የካምቢዮ መድሃኒት ያዳነው መኪና እኔ አላየሁም፣ ለጥቂት ጊዜ ዝም ያሰኘው ግን አይቻለሁ፣ ብዙ ጊዜም ለመሸጥ ሲፈለግ ነው ሚጨመረው (መኪና ምትገዙ ሰዎች ይቺን ያዟት)።

ራይድ ምትሰራ ከሆነ ደግሞ ካምቢዮህ ከቤት መኪና ይልቅ ይሞቃል። መገናኛ መጨናነቅ ውስጥ ቁጭ ብለህ ዲ ላይ ፍሬን ይዘህ ስትቆም ቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ሞተሩ ዘይቱን እየቀዘፈ ነው፣ ጉልበቱ ሌላ መሄጃ ስለሌለው ሙቀት ይሆናል፣ ነፋስም የለም። ረጅም ከቆምክ ኤን ላይ አድርግ። እኔ ላንተ ዓይነት ሥራ በየ40 ሺህ ኪሎሜትሩ ቀይር ነው ምለው፣ የቤት መኪና እስከ 60 ብትሄድ አልጣላም። ስትገዛም ሱማሌ ተራም ሂድ ሌላም ቦታ፣ ክዳኑ ሥር ያለው ማሸጊያ ያልተነካ፣ ጽሁፉ ያልደበዘዘ መሆኑን እይ፣ ስትጨርስ ደግሞ ባዶ ጀሪካኑን ለማንም አትስጥ፣ ክዳኑን ቀዳው፣ ተመልሶ ተሞልቶ እንዳይሸጥልህ።

ጥያቄ፦ ያሪስ ሲቪቲ ነው ያለኝ፣ የሲቪቲ ዘይት አጣሁ፣ ለጊዜው ተራ የካምቢዮ ዘይት ብጨምርስ?

መልስ፦ አትጨምር። ሲቪቲ ውስጥ ማርሽ የለም፣ በሁለት ጠባብና ሰፊ በሚሆኑ ፑሊዎች መሃል ሚሄድ የብረት ቀበቶ ነው ያለው። ተራው የካምቢዮ ዘይት ለዛ አልተሰራም፣ የሲቪቲ ዘይት ግን ብረትና ብረት ሲጫኑ እንዳይንሸራተቱ ሚያደርግ ነው። የተሳሳተው ከገባ ቀበቶው ይንሸራተታል፣ ፑሊውን ይፍቀዋል፣ ከዛ በኋላ ጥገናው ከባድ ነው፣ ብዙ ጊዜ ሙሉ ካምቢዮ መግዛት ነው። ቶዮታ «ቲሲ» እና «ኤፍኢ»፣ ኒሳን «ኤንኤስ-2» እና «ኤንኤስ-3»፣ ሆንዳ «ኤችሲኤፍ-2» ይላሉ፣ መጽሐፉ ላይ ያለውን ስም ይዘህ ፈልግ። እስክታገኝ ታክሲ ያዝ፣ ይረክስልሃል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ ደብረ ብርሃን ነው ምኖረው። የ1997 ኮሮላ አለችኝ፣ ኦቶማቲክ። በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ሞተሩን ሳላስነሳ ዘይቶቹን ሁሉ እለካለሁ፣ የካምቢዮው ሁልጊዜ የተለያየ ነው ሚያሳየኝ፣ አንዳንዴ ከላይኛው ምልክት አልፎ፣ አንዳንዴ ሥር። ሥር ሲሆን እጨምራለሁ። ልጄ «አባዬ አትነካካው» ይለኛል፣ ማን ነው ትክክል?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ልጅዎ ነው ትክክል፣ እርስዎ ግን መለካትዎን አያቁሙ፣ አለካኩን ብቻ እንቀይረው። የሞተር ዘይት ነው ጠፍቶ ሚለካው፣ የካምቢዮ ዘይት ሞተሩ እየሰራና ሞቆ ነው ሚለካው። ሞተሩ ሲጠፋ ከላይ ያለው ዘይት ወደ ትሪው ይወርዳል፣ ምን ያህል እንደወረደ ደግሞ እንደቆየበት ጊዜ ይለያያል፣ ለዛ ነው ሳምንት ሳምንት ሚለዋወጥብዎ። በዛ ላይ ዘይት ሲሞቅ ይሰፋል፣ የደብረ ብርሃን ጠዋት ደግሞ ያው ያውቁታል፣ ብርዱ ዘይት አይደለም ሰውም ያኮማትራል።

እንዲህ ያድርጉ፣ ሩብ ሰዓት ወይም ሃያ ደቂቃ ይንዷት፣ ሜዳ ላይ ያቁሟት፣ ሞተሩን አያጥፉ፣ ፍሬኑን ይዘው ማርሹን ከፒ ጀምረው እያንዳንዱ ላይ ትንሽ እያቆዩ እስከ ኤል ይውሰዱና ወደ ፒ ይመልሱ፣ የእጅ ፍሬን ይሳቡ። ከዛ ዘንጉን አውጥተው ይጥረጉ፣ መልሰው እስከ መጨረሻው ይክተቱ፣ ያውጡ። ዘንጉ ላይ ሁለት ቦታ ምልክት አለ፣ የላይኛው የትኩስ ነው፣ የታችኛው የቀዝቃዛ ነው፣ እርስዎ ሚያዩት የትኩሱን ነው፣ በሁለቱ መስመሮች መሃል ከሆነ ዝም ይበሉት። ሚጠርጉበት ጨርቅ ብናኝ ማይተው ይሁን፣ የካምቢዮው ውስጥ መተላለፊያዎች ጠባብ ናቸው። ሆንዳ ያለው ጎረቤት ካለዎት ግን ይሄን እንዳይነግሩት፣ የሆንዳው ከሞቀ በኋላ ሞተሩ ጠፍቶ ወዲያው ነው ሚለካው።

እስካሁን ሲጨምሩት የነበረው በዝቶ ሊሆን ስለሚችል ሲለኩ ከትኩሱ መስመር በላይ ካገኙት በማፍሰሻ ብሎኑ ትንሽ ያስወርዱለት። የአዳማውን ጉዴን ከላይ አንብበውታል።

ጥያቄ፦ ከቨርጂኒያ ነው ምጽፈው፣ ካምሪ 2012፣ ባለ 4 ሲሊንደር፣ ኡበር እነዳበታለሁ፣ 140 ሺህ ማይል ሞልቷል። ዲለር ጋ ስጠይቅ «ላይፍታይም (የዕድሜ ልክ) ዘይት ነው አይቀየርም» አሉኝ፣ አንድ ሐበሻ መካኒክ ደግሞ «እስካሁን መቀየር ነበረበት» አለኝ። መለኪያ ዘንግም የለውም፣ እንዴት ነው ሚታወቀው?

መልስ፦ ትክክሉ የሐበሻው መካኒክ ነው። ላይፍታይም ሲሉህ የማን ላይፍ ብለህ ጠይቃቸው። ቢኤምደብሊውን ጨምሮ ለብዙ ፋብሪካ ካምቢዮ ሚሰራው ዜድኤፍ ሚባለው የጀርመን ድርጅት ራሱ፣ መኪና አምራቾቹ ላይፍታይም ሲሉለት እሱ ግን እንደ አነዳዱ ከ80 ሺህ እስከ 120 ሺህ ኪሎሜትር ባለው ይቀየር ይላል። ሰሪው ይቀየር ካለ ሻጩ አይቀየርም ቢል ማንን ታምናለህ። የቶዮታም የአሜሪካ የጥገና መርሃ ግብር ዕቃ ለሚጎትትና ከባድ ጭነት ለሚጭን በ60 ሺህ ማይል ይቀየር ይላል፣ ኡበር እዛ ላይ በስም አልተጻፈም፣ ግን ዲሲ መሃል ከትራፊክ መብራት መብራት እየቆመ እየተነሳ ሚውል መኪና ቀላል ሥራ ነው ያለው ሚል ካለ አንድ ቀን ይንዳልኝ።

ያንተ ባለ 6 ማርሽ ነው፣ ዘይቱ ደብሊው ኤስ ነው። ዘንግ የለውም፣ በሙቀት ነው ሚለካው፣ ዘይቱ ከ35 እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሃል ሲሆን፣ ሞተሩ እየሰራ፣ መኪናው አራቱም ጎማ እኩል ከፍ ብሎ፣ ከሥር ያለው ብሎን ይከፈታል፣ ትርፉ በቀጭኑ ይፈስና ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር ይዘጋል። ሙቀቱ በኮምፒውተር ይነበባል፣ ስለዚህ ክሪክ ብቻ ይዞ ፓርኪንግ ላይ ሚሰራ ሥራ አይደለም። አንዲት ወጥመድ ደግሞ አለች፣ ያቺ የመለኪያ ብሎንና የማፍሰሻው አንድ ቀዳዳ ናቸው፣ ውስጧ ቀጭን ቱቦ አለች፣ እሷ በ6 ሚሊሜትር አለን ቁልፍ ካልወጣች ዘይቱ አይወርድም፣ ትንሽ ጠብ ይልና «አለቀ» ይባላል። «ስንት ወረደ?» ብለህ ጠይቅ፣ ግማሽ ኳርት ካሉህ ቱቦዋን አልፈቷትም። ኳርት ከሊትር ትንሽ ያንሳል፣ እኛ አገር ሰው በሊትር ሲነግርህ እንዳትምታታ።

140 ሺህ ማይል ላይ ፍርሃትህ ይገባኛል፣ አሁን በደንብ ከቀየረልህ፣ ካልተንሸራተተ፣ ሁለት ሶስት ጊዜ በዝግታ አፍስሰህ ሙላው። አሁን እየተንሸራተተ ከሆነ ግን ከመቀየርህ በፊት አስመርምረው፣ ኋላ ዘይቱንም እኔንም እንዳትረግም።

ጥያቄ፦ ሱዙኪ ዲዛየር ኦቶማቲክ፣ የካምቢዮ ዘይቱ ቀይ ነው አይደል?

መልስ፦ ዲዛየር ላይ ኤጂኤስ ሚል ከተጻፈበት ኦቶማቲክ መስሎህ ነው እንጂ ውስጡ ማንዋል ነው፣ ፍሪሲዮኑንና ማርሹን አንተን ሆኖ ሚያንቀሳቅስ መሳሪያ ነው የተገጠመለት። ስለዚህ ሚገባው የማንዋል ካምቢዮ ዘይት ነው፣ ቀዩ አይደለም። የማንቀሳቀሻው መሳሪያ ደግሞ የራሱ ትንሽ ዘይት ለብቻው አለው። ይሄን ሳያውቁ ቀይ ሚሞሉ ጋራዦች አሉ፣ ቆመህ እይ።

ጥያቄ፦ የነዳጁን ሸጬ ኤሌክትሪክ ልገዛ ነው፣ ቢያንስ ከካምቢዮ ዘይት ተገላገልኩ አይደል?

መልስ፦ ልትገላገል ትንሽ ቀርቶህ ነበር። ኤሌክትሪኩ እንደ ነዳጁ ማርሽ ሚቀያይር ካምቢዮ የለውም፣ ግን የሞተሩን ዙር ሚቀንስ የጥርስ ሳጥን አለው፣ እሱ ውስጥ ዘይት አለ፣ ትንሽ ነው፣ ብዙም አይደክምም፣ መቼ እንደሚቀየር መጽሐፉ ይነግርሃል። መጽሐፉ በቻይንኛ ከሆነ ደግሞ ያው ስልክህ ፎቶ አንስቶ ይተረጉምልሃል። የነዳጅ መኪና እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ግን ያለችንን ካምቢዮ ይዘን ነው ምንኖረው፣ ያንተን ሚገዛው ሰው ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ ይጠይቅሃልና መልስ አዘጋጅ።

ጥያቄ፦ ከባህር ዳር ስንመለስ ዓባይ በረሃ ውስጥ መኪናችን ቆመ (ኮሮላ ኦቶማቲክ)፣ የጭነት መኪና በገመድ ጎትቶ ወደ ጎሃ ጽዮን አወጣን። ችግሩ የነዳጅ ፓምፕ ነበር፣ ተሰራ፣ ከዛ ግን ካምቢዮው ድምጽ ያወጣል። ምን አገናኘው?

መልስ፦ ገመዱ ነው ያገናኘው። የካምቢዮውን ዘይት ሚያዞረው ፓምፕ በሞተሩ ነው ሚዞረው፣ ሞተሩ ጠፍቶ ጎማው ሲሽከረከር ግን ውስጥ ያሉት ጥርሶች ይዞራሉ፣ ዘይት ሚደርሳቸው የለም፣ ደረቁን ነው ዓባይን የወጡት። ኮሮላ የፊት ጎማ ነጂ ስለሆነች የፊቱን ጎማዎች አንስቶ መጎተት ወይ ሙሉ በሙሉ ጭኖ መውሰድ ነበር፣ ግድ ከሆነ ኤን ላይ አድርጎ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ አጭር መንገድ ብቻ፣ ከአደገኛው ቦታ ገለል እስክትል። ገፍቶ ማስነሳትም በዚሁ ምክንያት ኦቶማቲክ ላይ አይሰራም። አሁን ዘይቱን አውርዱና ትሪዋን ፍቱ፣ ማግኔቱ ላይ ስባሪ ከሌለ በአዲስ ዘይት ድምጹ ሊቀንስ ይችላል፣ ስባሪ ካለ ወይ ድምጹ ከፍጥነት ጋ ከጨመረ ኩሽኔታ ተጎድቷልና ይፈታ።

ስትወርዱ ደግሞ፣ ማለቴ በሌላ ጊዜ፣ ከደጀን ቁልቁል ዲ ላይ አድርጋችሁ በፍሬን ብቻ አትውረዱ፣ ኦቨርድራይቩን (የመጨረሻውን ፈጣን ማርሽ) አጥፉና 2 ላይ ወይ ኤል ላይ አድርጉት፣ ሞተሩ ይይዝላችኋል። ካምቢዮውን ይጎዳል ሚሉ አሉ፣ አይጎዳም፣ ለዛ ነው ፊደሎቹ የተቀመጡት።

ጥያቄ፦ ራሴ ቀይሬ የወረደውን አሮጌ ዘይት የት ልድፋው?

መልስ፦ ቦይ ውስጥ እንዳትደፋው፣ ወንዝ ነው ሚገባው። ጋራዦች የተቃጠለ ዘይት ያጠራቅማሉ፣ ውሰድላቸው፣ ወይ አጥር ምታጥር ካለህ እንጨቱ መሬት ሚገባበትን ጫፍ ቀባው ምስጥ እንዳይበላው፣ ከጓንት ጋ። ከመስጠትህ በፊት ግን ባዶ የውሃ ሃይላንድ ውስጥ ገልብጠህ ስንት ሊትር እንደሆነ ጻፈው፣ ለካው ማለቴ ነው፣ አራት ሊትር ሳትሞላ።